የኩሬ በር መሐላ

«ቆጠራውን ያስተማርኩሽ ሰው እንድትመቺበት አይደለም» አሉ ኪዳኔ። ከጠዋት ጀምሮ የሚሉት ይህንኑ ነበር።

«ታዲያ ለምን ነበር? እንቅልፍ እንዲወስደኝ?» ላቀች ሶፋውን በጉልበቷ እየገፋች ወደ ግድግዳው አስጠጋችው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የሚቆሙበት ቦታ ያስፈልጋል። «በልጅነቴ እያስቆጠሩ፣ አንድ ስም ስዘል ጆሮዬን እየቆነጠጡ። ያ ሁሉ ለምን ነበር?»

«ዘመድሽን እንድታውቂ። ሳታውቂ እንዳታገቢው።»

«እኔ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ባሌን ቀብሬ ጨርሻለሁ።»

«ልጅሽ አላገባችም።»

ላቀች ትራሶቹን አንስታ መደብደብ ጀመረች።

ኪዳኔ የአባቷ ታናሽ ወንድም ናቸው። ሰማንያን አልፈዋል። ሚስታቸው ጎሬ ላይ ካረፉ በኋላ ወደ ላስ ቬጋስ አስመጥታቸው፣ ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ሰፈር በገዛችው ቤት ከሳሎኑ አጠገብ ያለችውን ክፍል ሰጥታቸዋለች። እሷ ሥራ ስትውል እሳቸው ከጋራዡ ፊት በምትገኘው ጠባብ ጥላ ወንበር አውጥተው አዳዲስ ቤቶች ሲበቅሉ ያያሉ። መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ከበራፉ እስከ ተራራው ባዶ ጠጠር ነበር፤ አሁን ጣሪያ ብቻ ነው። አንድ ቀን የላቀችን ልጅ ሩሐማን፣ ይህን ሁሉ መሬት ከማን ገዙት ብለው ጠይቀዋት ነበር። ልጅቱ ስቃ ስልኳን አውጥታ ፈለገችላቸው፤ መልሱ ግን ስላላጠገባቸው መልሰው አልጠየቁም።

«የልጁን አባት ለብቻው ጥሪውና ንገሪው» አሉ አሁን። «ዘመድ ከሆንን ልጆቹ ከሽማግሌ በፊት ይወቁት።»

«ለብቻው ብነግረው ለብቻው ይክደኛል። የጥንቷን አያታችንን እንግዳሸትን ያዋረዷት ሰው ፊት ነው። እኔም ሰው ፊት ነው የምፈልገው።»

«ላቀች፣ ስሚኝ። ዘመድነቱን አንዴ ካወጣሽው መልሰሽ አትከቺውም። በእኛ በኩል ሰባት ቤት ይሞላል። የእነሱ ወንዶች ግን በስተርጅና ነው የሚወልዱት፤ በእነሱ በኩል ስድስት ላይ ይቀራል። መሬቱን ያንቺ የሚያደርገው ዘር ልጅሽን ይከለክላታል።»

«አሜሪካ ውስጥ ማን ይቆጥራል?»

«እኛ» አሉ ኪዳኔ።

ነገሩ የቆየ ነው። መንዝ ውስጥ ኩሬ በር የሚባል ጥቁር መሬት ነበር፤ አጽቁ የሚባል ሰው ያቀናው፣ ከእሱ የተወለደ ሁሉ በወንድም በሴትም እየተካፈለ የሚያርሰው። በክፉ ቀን ዘመን፣ በሬው ሁሉ በበሽታ ሲያልቅ፣ ከአጽቁ የልጅ ልጆች አንዷ እንግዳሸት ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ታቅፋ ቀረች። የአጎቷ ልጅ ወልደየስ ግን አንድ በሬ ተርፎለት ነበር። የሚጣመር ሌላ በሬ ስላልነበረ በአንድ ጎን በሬውን፣ በሌላው አህያ ጠምዶ አረሰ። እንግዳሸት ድርሻዋን እኩል እንዲያርስላት ሰጠችው፤ በምዕራብ እህል አለ ሲባል ሰምታ ልጆቿን ይዛ፣ ዓባይን በስተቀኝ እየተወች፣ እስከ ኢሉባቦር ወረደች። የበኩር ልጇ እርፍ መያዝ ሲችል ተመልሳ መጣች።

ወልደየስ መሬቱን አልሰጣትም። እናቷ ደጅ ላይ ተጥላ የተገኘች፣ በአጽቁ ቤት ተጠግታ ያደገች ልጅ ናት እንጂ የአጽቁ አጥንት አይደለችም አለ። ዳኛው እንደ ዘመኑ ልማድ የሁለቱን ኩታ ጫፍ ለጫፍ አስቋጥሮ፣ ቁራኛ አድርጎ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ላካቸው። ወልደየስ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዞ «እንግዳሸት የአጽቁ አጥንት ከሆነች ዘሬ ከደጄ ይጥፋ» ብሎ ማለ። በመሐላው ረታ። ቋጠሮውን ለመፍታት ትዕግሥት ስላልነበረው ካራውን መዝዞ በእሷ ኩታ በኩል ቆረጠው። እንግዳሸት ጫፉ የተቆረጠ ኩታ ለብሳ እንደገና ወደ ምዕራብ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። ልጆቿ ግን ልጅ በተወለደ ቁጥር ቆጠራውን ያስተምሩታል። ከራሱ ጀምሮ እስከ አጽቁ። አንድ ቀን አንዱ ተነስቶ ይጠይቃል ተብሎ።

ላቀች ይህን ሁሉ ታውቀው ነበር፤ አይቆጠቁጣትም ነበር እንጂ። መሬቱ እንደሆነ መጀመሪያ ለደርግ፣ ከዚያም ማን ያውቃል ለማን ሆኗል። የቆጠቆጣት አሊያንቴ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው።

ያን ቀን የሄደችው ለሟች ብቻ አልነበረም። ሩሐማ ዳጊ የሚባል ልጅ እንደወደደች ነግራት ስለነበር አባቱን ከሩቅ ለማየት ፈልጋ ነው። አባትየው መዝገቡ የሊሞዚን መኪኖች ያሰማራል፣ ሮድስ ራንች ከጎልፍ ሜዳው ጥግ ላይ ይኖራል፣ ወሬ ያውቃል። ከወንዶቹ መሐል ተቀምጦ ኀዘንተኞቹን ሊያስረሳቸው ይተርካል። ላቀች ውሃ እያደለች ስታልፍ «ኩሬ በር» የሚል ሰማች። ቆመች። መዝገቡ ቅድመ አያቱ አንዲት ሴትን እንዴት ዳኛ ፊት እንደረታት ያወራ ነበር። መሐላውን ተናገረ፤ ካራውን በእጁ አሳየ። «ከዚያማ ቆርጦ ለቀቃት። ጭራዋ እንደተነጨ ዶሮ እየተንገዳገደች ወደ ምዕራብ» አለና ትከሻውን እየነቀነቀ አካሄዷን አሳየ። ለቅሶ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ኀዘንተኞቹ እንኳ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ላቀች ውሃዎቹን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሥራዋ ይህ ሆነ። በምትሠራበት ሆቴል የአንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ፣ ብሬክ በወጣች ቁጥር፣ ስልኳን ይዛ ጎሬ ትደውላለች፣ ደብረ ብርሃን ትደውላለች፣ አዲስ አበባ ትደውላለች። አንዱ ሌላውን ያገናኛታል። ለአንዱ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው ትላለች፣ ለሌላው የውርስ። በመጨረሻ መንዝ ውስጥ የመዝገቡን የገዛ አክስት አገኘች። አሮጊቷ የሚያወራቸው ሰው አጥተው ኖሮ ሁሉንም አፈሰሱላት፤ ወልደየስ ሊሞት ሲል ልጁን ጠርቶ በሐሰት ነው የማልኩት እንዳለ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እንደሚያውቅ፣ እንደማይነገርም ጭምር። ላቀች ድምፃቸውን ቀዳችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ አልጋ ስታነጥፍ አንሶላውን ከአራቱም ጥግ እየወጠረች በልቧ የምትለማመደው አንድ ነገር ነበር፤ መዝገቡ ሲክድ፣ ከዚያ የገዛ አክስቱ ድምፅ ከስልኩ ሲወጣ፣ ከዚያ ፊቱ። ፊቱን ስታስበው ሥራው ይቀላት ነበር።

ሰውየው ራሱ ደግሞ ቂሟን መገበላት። ለትውውቅ ወደ ሮድስ ራንች የሄዱ ቀን የሰፈሩ በር ዘበኛ ደውሎለት መዝገቡ «እነማን?» ሲል በስልኩ ሰማችው። ዳጊ ሮጦ ባይመጣ ኖሮ እዚያው ፓርክ አድርገው በቆሙ ነበር። ቤት ከገቡም በኋላ መዝገቡ ሲናገር ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነበር። ልጆች ናቸው፣ ዛሬ ያሉትን ነገ ይረሱታል አለ። ዳጊን ዳላስ ያለች የሐኪም ልጅ ታውቀው እንደነበርም እንደ ዋዛ ጣል አደረገ። ላቀች ይህን ኩራት ብላ ያዘችው፤ ከሌላው ጋር ደመረችው። ከኩራት ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል አላሰበችም።

ሽምግልናው ማክሰኞ ሆነ። ሁሉም ሰው ካዚኖ ስለሚሠራ የሁሉም ዕረፍት የገጠመው ማክሰኞ ብቻ ነው። እንደ ወጉ የወንዱ አባት አይመጣም፤ ሽማግሌ ይልካል። ላቀች ግን ሰባት ቤት የሚቆጥረው የሚያውቀው ሰው ራሱ ይሁን ብላ አጥብቃ ስለላከች መዝገቡም ግራጫ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጣ። ከእሱ ጋር ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ፈድሉ፣ ዕድሜውን በሙሉ ካርታ ሲያድል የኖረ ዲለር፣ በቀልዱ የሚታወቅ፤ ሌላው ሐዲስ፣ የሰበካ ጉባኤ ሰው፣ የማይስቅ። ሦስቱም እንደ ደንቡ ሳሎኑ መሐል ቆሙ። ጫማቸውን በር ላይ ያለው መደርደሪያ ጋ አውልቀው ስለነበር የፈድሉ አንዱ ካልሲ መቀደዱ ታየ።

ሩሐማና ዳጊ ወጥ ቤቱ ጋ ካለው ከፍ ያለ ጠረጴዛ ተቀምጠው ነበር። ሩሐማ ነጭ ለብሳለች፤ ቀሚሱ ስለጠበባት ቀጥ ብላ ነው የተቀመጠችው። በእንግሊዝኛ ለዳጊ የሆነ ነገር ሹክ ስትለው ልጁ ሳቁን ዋጠ። ኪዳኔ ከጥጉ ወንበራቸው ላይ፣ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ማንንም አያዩም።

ፈድሉ ነው የጀመረው። ፍቅር እንዳገናኛቸው፣ እነሱ መልእክተኛ ብቻ እንደሆኑ፣ እምቢ የሚል ቤት እንዳልመጡ ተናገረ። በመጨረሻ «ትናንት ሙሉ ሺፍቱን ቆሜ ውያለሁ» አለ። «ቶሎ ብለሽ እሺ በይን፤ ጉልበቴ ሌላ ሽምግልና የለውም።»

«እሺ ለማለት ነው የጠራኋችሁ» አለች ላቀች። «ከመቀመጣችሁ በፊት ግን ሰባት ቤት ይቆጠርልኝ።»

ሐዲስ ይህ በጣም ደስ አለው። ዘንድሮ ይህን የሚጠይቅ ወላጅ ጠፍቷል፣ ልጆቻችን ማንን እንደሚያገቡ አያውቁም ብሎ አመሰገናት። መዝገቡም ደስ ያለው መሰለ። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከልጁ ጀምሮ፣ ስሞቹን አንድ በአንድ አወረደ። ድምፁ ለቅሶ ቤት እንደነበረው ሞላ ያለ ነበር። ወልደየስ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆሞ፣ «የኩሬ በሩ» አለ። አጽቁ ላይ ሲደርስ ጨረሰ።

«ወልደየስ ከአንዲት ሴት ጋር ተካሶ ነበር» አለች ላቀች። «ለቅሶ ቤት ሲያወሩት ሰምቻለሁ። እስቲ ይንገሩን፣ እዚህም እንሳቅ።»

መዝገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አያት። እሷም አየችው። ታሪኩን ተናገረ፤ አሳጥሮ፣ ያለ ዶሮዋ። ሲጨርስ ላቀች ወደ ጥጉ ዞረች።

«አጎቴ፣ የእኛን ይቁጠሩልን።»

ኪዳኔ አልተንቀሳቀሱም።

«ይቁጠሩ» አለች እንደገና።

እሳቸው ተጠይቀው የማይመልሱ ሰው አልነበሩም። ባርኔጣቸውን እያዟዟሩ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ ከሩሐማ ጀመሩ። ላቀችን፣ የላቀችን አባት፣ እናታቸውን። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር ፈድሉ ለመስማት ጎንበስ አለ። «እንግዳሸት» ሲሉ ሐዲስ ቀና አለ። ከእንግዳሸት በላይ እናቷን ጠሩ፤ ከእናቷ በላይ አጽቁን።

የኤሲው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ላቀች አውራ ጣቷን ስልኳ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ይክዳል። የተጣለች ልጅ ዘር ናችሁ ይለኛል፤ በገዛ አፉ ይለዋል። ያኔ ነው የምጫነው።

መዝገቡ አልካደም። ወለሉ ላይ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። ግራጫ ሱሪው ተጨማደደ።

«ወንድሞቼ፣ እናንተ ምስክር ሁኑ» አለ። «እውነት ነው። አያቴ ሊሞት ሲል ነግሮኛል። ወልደየስ በሐሰት ነው የማለው። እንግዳሸት የአጽቁ አጥንት ነበረች፤ መሬቱም የእሷ ነበር። እህቴ፣ ይቅር በይኝ።» እጁን ዘርግቶ ጉልበቷን ነካ።

ፈድሉ ከንፈሩን መጠጠ። ሐዲስ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል አለ፤ ስንቱ የአባቱን ኃጢአት ተሸክሞ ይሞታል፣ ይህ ሰው ግን ልጁ ፊት አወረደው አለ። ደግፈው አስነሱት። ላቀች ለዓመት የጠበቀችው ቃል ይኸው ተነገረ፤ ሰው ፊት፣ የእንግዳሸት ስም ተጠርቶ፣ ሳይሸራረፍ። ደስታው ግን አልመጣም። አውራ ጣቷ አሁንም ስልኩ ላይ ነበር። የሚጫነው ነገር አልነበረም።

«እንግዲህ» አለ መዝገቡ፣ አቧራ የሌለውን ጉልበቱን እያራገፈ፣ «አንድ ደም ሆነናል። በእናንተ በኩል ሰባት ይሞላል። በእኔ በኩል ልጄ ስድስተኛ ነው።» ራሱን ነቀነቀ። «ሳይረፍድ መታወቁ የእግዚአብሔር ሥራ ነው።»

«ዌት፣ ቆይ» አለች ሩሐማ። ከወንበሯ ወረደች። «ማሚ፣ ምንድነው ስድስት? ዘመድ ነው ያለው? እኛ ዘመድ ነን?»

«አባዬ፣ ይሄ ሁለት መቶ ዓመት የሆነው ነገር ነው» አለ ዳጊ።

«ሕግ ሕግ ነው፣ ልጄ።» መዝገቡ እጁን በልጁ ትከሻ ላይ አሳረፈ። «አይዞህ። እህትህ ናት እንግዲህ።» ይህን ብሎ ሳይጋበዝ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ወደ ኋላ ተደገፈ፤ እግሩን አነባበረ። ሮድስ ራንች የራሱ ቤት ውስጥ እንኳ እንደዚህ ተመችቶት ሲቀመጥ ላቀች አላየችውም ነበር።

ያኔ ገባት። ሰውየው የከፈለው ነገር የለም። መሬት የሌለበት መሬት፣ የሞተ ሰው ስም፣ በነፃ የሚሰጥ ይቅርታ፤ በዚያ ለወጠ። በአልጋ አንጣፊ ልጅ ፋንታ የዳላሷን አገኘ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ስለ ትሕትናው ያወራሉ። በሚቀጥለው ለቅሶ ቤትም ይህን ይተርካል፤ እንዴት እንደተንበረከከ፣ ሴትዮዋ እንዴት አፏን ከፍታ እንደቀረች። ይሳቃል። በሩን የከፈተችለት ራሷ ናት፤ ለዓመት ሙሉ በስልክ ስትገፋው የኖረችው በር።

ሐዲስ በሐዘን ነገሩን ሊዘጋ ጀመረ። ሰባት ያልሞላ እንደማይጋባ፣ ቤተ ክርስቲያንም እንደማትባርክ፣ ልጆቹ ጊዜ እንደሚያጽናናቸው ተናገረ። ሩሐማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እናቷን ታይ ነበር። ማልቀስ አልጀመረችም፤ ገና እናቷ የሆነ ነገር ታደርጋለች ብላ ነው።

«አቶ መዝገቡ ተሳስተዋል» አለች ላቀች።

ሁሉም ዞሩ።

«ወልደየስ እውነቱን ነው የማለው። እንግዳሸት የአጽቁ ዘር አልነበረችም። እናቷ ደጅ ላይ ተጥላ የተገኘች ልጅ ናት። እኛ ቤት ይታወቃል። መሬት ስለተመኘን ነው በአጽቁ ስንቆጥር የኖርነው።»

መዝገቡ እግሩን አወረደ። «አጎትሽ አሁን ቆጥረው የለም እንዴ?»

ላቀች ወደ ጥጉ አላየችም። «አጎቴ አርጅተዋል» አለች። «የሰሙትን ነው የሚሉት። ለእሳቸውም የነገራቸው ሰው ዋሽቷቸው ነው።»

ባርኔጣው መዞሩን አቆመ። ይህን በዓይኗ ጥግ አየችው።

«እኔ ግን አያቴ በገዛ አፉ ነግሮኛል» አለ መዝገቡ። ድምፁ ከፍ አለ። «ወልደየስ በሐሰት ማልኩ ብሎ ነው የሞተው። ሰውየው ውሸታም ነበር እያልኳችሁ ነው።»

«ቆይ፣ መዝገቡ» አለ ፈድሉ። «ከሳሿ ክሷን አነሳች። ዳኛው ለወልደየስ ፈረደለት። አሁን አንተ ተነስተህ በገዛ ቅድመ አያትህ ላይ ልትመሰክር ነው? አርባ ዓመት ካርታ ሳድል አሸነፍክ ሲሉት አይደለም፣ ተሸንፌያለሁ ብሎ የሚጨቃጨቅ ሰው አላየሁም።»

ሐዲስ እንኳ ሳቀ። ዳጊ ሳቀ። ሳቁ ሳሎኑን ሞላው፤ መዝገቡ መሐሉ ላይ አፉን ከፍቶ ቀረ። ላቀች ያን ሳቅ አወቀችው። የአሊያንቴው ነበር። በዓመቱ ባለቤቱን ለውጦ መጥቷል። ይህን ነበር የጠበቅኩት አለች በልቧ፣ ይህን፣ ያኛውን አይደለም።

ሐዲስ ግን ጠንቃቃ ሰው ነው። ሳቁ ሲበርድ ነገሩ የሃይማኖት ጉዳይ እንደሆነ፣ በቃል ብቻ እንደማይታለፍ ተናገረ። «ትምያለሽ?» አላት።

ላቀች ተነሳች። ሳሎኑ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን በር ስለሌለ የወጥ ቤቱን መቃን ያዘች። የምትለውን መፈለግ አላስፈለጋትም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ የያዘችው ነው፤ ጆሮዋን እየተቆነጠጠች የተማረችው።

«እንግዳሸት የአጽቁ አጥንት ከሆነች» አለች፣ «ዘሬ ከደጄ ይጥፋ።»

«አሜን፣ በቃ» አለ ፈድሉ። «አሁን እንቀመጥ።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሆነ። ሩሐማ እየሮጠች መጥታ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ጠባቡ ቀሚስ ብብቷ ላይ ተተረተረ። «ማሚ፣ ኦኬ ነን? አሁን ኦኬ ነን?» አለቻት። ኦኬ ነን አለቻት። ዳጊ የአባቱን ጉልበት ስሞ የላቀችን ሊስም ጎንበስ ሲል ጭንቅላቱ ከፈድሉ ክንድ ጋር ተጋጨ። ሐዲስ ምርቃቱን ጀመረ፤ የሚረዝም ሰው ነው፣ የአብርሃምን ቤት፣ የይስሐቅን ቤት እያለ ቀጠለ። መዝገቡ ከሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ በየመሐሉ አሜን ይላል። ላብ ግንባሩ ላይ ወጥቷል። ላቀች አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች፤ ክንዷ ክንዱን እስኪነካ ድረስ ተጠጋችው።

«እንግዲህ አማቼ ሆነዋል» አለችው ዝቅ ብላ። «ፋሲካም እኛ ቤት፣ ገናም እኛ ቤት። የበሩ ዘበኛም ስሜን ይልመድ።»

እጁን ተመለከተች፤ የሶፋውን ጨርቅ ጨብጦ ይዟል። ይህን እያየች እስከ ዕድሜዋ ማብቂያ ድረስ መኖር እንደምትችል ተሰማት።

ምርቃቱ አለቀ። የወጡ ክዳን ተነሳ፣ ሰሐን ተቀባበሉ፣ ሩሐማ በተተረተረው ቀሚሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ ታሳልፋለች። ፈድሉ ስለ ሠርጉ ቀን ጠየቀ። ቅዳሜና እሑድ ማንም ዕረፍት ስለሌለው እንደገና ማክሰኞ ይሁን ተባለ፤ በዚህ ተሳቀ። ላቀች በሰዎቹ መሐል ወደ በሩ አየች። ኪዳኔ የጫማው መደርደሪያ አጠገብ ጎንበስ ብለው ማሰሪያቸውን ያስሩ ነበር። ጣታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ብዙ ቆዩ። ባርኔጣቸውን አድርገዋል። ከጎሬ ይዘዋት የመጧት ትንሿ የቆዳ ቦርሳ እግራቸው ሥር ነበረች።

«ላቀች፣ ሚጥሚጣ አለ?» አላት ሐዲስ።

ሚጥሚጣው ያለበትን ነገረችው። ቀና ስትል የኪዳኔ ጫማ የነበረበት ቦታ ባዶ ነበር። በሩ ተከፍቶ የውጭው ሙቀት እንደ ምድጃ ትንፋሽ ሳሎኑ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በሩ ተመልሶ ገጠመ። በመስኮቱ በኩል ባርኔጣው ከአጥሩ በላይ ብቅ ብሎ ወደ ተራራው አቅጣጫ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ታየ፤ የጎረቤቱ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ተሰወረ።

«ሙቀቱ ገባ እኮ» አለ ፈድሉ፣ በጉርሻ አፉ። «ኤሲውን ከፍ አድርጉት።»

ላቀች ተነስታ ከፍ አደረገችው።